ቀን የሌለው ካርድ

ሳፋው ውስጥ መድኃኒት፣ መድኃኒቱ ውስጥ ሐይቅ አለ፤
ሐይቁ ላይ አንድ ሰው ጀልባውን እየቀዘፈ
በጣቶቼ ሥር ቀስ እያለ መጣ፣
ከነጭ ወረቀት ላይ ጠቆረ፣ ገዘፈ።

ቀዩ አምፖል ዛሬም ዓይኑን ያርገበግባል፤
መብራቱ ካልሄደ አሥራ አንድ ይወጣል
ብዬ ነበር።
ማጉያው አሥረኛው ላይ ደርሶ ጠፋ።
የቀረውን በዳበሳ ሠራሁ፣ እየቆጠርኩ፣ ከሳፋ ወደ ሳፋ።

አከራዬ እትዬ ወርቅያንሱ በሩን ቆረቆሩ፤
«ልጄ፣ ሰው ስንት ሰዓት ይታጠባል?» አሉኝ እየተማረሩ።
«ሐይቁን እያጠብኩት ነው» አልኳቸው።
«እሱማ ቆሽሿል፣ በደንብ ፈትጊው» ብለው ሄዱ፣ ሳቅ ይዟቸው።

ጠዋት ከካልሲዬ ጎን በልብስ መቆንጠጫ
አሥር ሐይቅ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤
ከፍርኖ ዱቄት የበጠበጥኩት ሙጫ
ቡታጋዙ ላይ ቀስ ብሎ ይፍለቀለቃል።
ካርቶኑ የጫማ ነው፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፤
በምላጭ ቆረጥኩት፣ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ሄድኩበት።

በሁሉም ጥግ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካፖርቱን ደርቦ፤
የጀልባውን ሰው ጉዳይ ይሰማል፣
አይፈርድም፣ ዝም ብሏል አንገቱን ሰብስቦ።

ውስጡን በእርሳስ አሰመርኩ፣
«አይዴ ጨምበላላ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከሥሩ ቀን ላኖር ስል ግን ቆምኩ።
ፍቼ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አትጠብቅም እንደ ካላንደር፤
አያንቶዎቹ ሌሊት ቀና ብለው፣ ኮከብና ጨረቃ ሲነጋገር
ሰምተው ነው ቀኗን የሚሉ።
ገና አላሉም።
ቦታውን ተውኩት፣ ባዶ መስመር ብቻ፣ በሁሉ።

አንዱ ለባጃጅ ነጂው ለሀሜሶ፣
ዝናብ ቀን «ሌላ ጊዜ» ያለኝ፣ እጄን ከነሳንቲሙ መልሶ፤
አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ ለምትመልጠው ለጫልቱ፤
«ይሄ ለድመትሽ» ትለኛለች ቆሮሶ ጨምራ፣
ድመት እንደሌለኝ እያወቀች በውነቱ፤
አንዱ ለእትዬ ወርቅያንሱ፣ ፍትጊያዬን ይዩት።
የቀሩትም ባለቤት አላቸው፤ ስማቸውን ልተወው፣ ያውቁታል ሲያገኙት።

ዘጠኙ አለቀ።
አሥረኛው ገመዱ ላይ ብቻውን ደረቀ።
ገርጥቷል፣ ብርሃን አልጠገበም፤
ጥጉ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ፣ ባጥበው አይለቅም።
ልጥለው ነበር።

ይህንኑ ጣት ቀለም ነክረው አስፈርመውኛል ፍርድ ቤት፣
ወንድሜ ዳንጊሶም ከጎኔ የሱን፤
በአባታችን ሁለት ክፍልና በረንዳ፣ በአንድ የዘይቱን ዛፍ ምክንያት።
ሦስት ፍቼ አለፈ።
የጠበቃውን ድምፅ እንጂ የሱን ጆሮዬ አላተረፈ።

ቀዛፊውን አላውቀውም፤ አባታችን ግን አይደለም፣
አባታችን ውሃ ይፈራ ነበር፣ ከፍቅር ሐይቅ ድንጋይ ወዲያ አያልፍም።
ዳንጊሶን ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ከሱ ተደብቀን፣
ልብሳችንን ሸምበቆ ውስጥ ጠቅልለን።
በቀበቶው ይዤ «አትፍራ፣ አልለቅህም» እያልኩ ለቀቅኩት፤
ተንሳፈፈ።
መልቀቄን እስከዛሬ አልነገርኩት።

«ይቅር» ልል ብዕር አነሳሁ፤ ከበደኝ።
«ዘይቱኑ አፈራ ወይ?» ልል፤ ክስ መሰለኝ።
ሙጫው ጣቴ ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተላጠ።
ከሰላምታው ሥር፣ ባዶው መስመር አጠገብ፣
በእርሳስ፣ ሊያጠፋው ቢፈልግ እንዳይቸገር፣
«ቀኑን አንተ ሙላው» አልኩት።
ሌላ ነገር የለም።

ማታ ሀሜሶን ጠራሁት፤ «በታቦር በኩል ታልፋለህ?» ስለው፣
ካርዱን አየ፣ አሻራውን አየ፣ በክንዱ ጠረገው፤
አልለቀቀም።
«ባለ ዘይቱኑ ቤት? አውቀዋለሁ» አለኝ፤
ሳንቲም ብዘረጋ
ጣቶቼን አንድ በአንድ
እንደ ካርድ አጥፎ
እጄን መለሰልኝ።